አዲስ ሸራ የገባላት ላዳ ፍሬኗ ለምን ያዘ? ከጎንደር የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

የፊት ፍሬን ሸራ መቀየር በጋራዥ ሥራ ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህን ጉዳይ የመዘገብሁት ያ ቀላል የሚባል ሥራ አሮጌ መኪና ላይ ሲደርስ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። የገባው ሸራ አዲስ ነበር፤ ዓይነቱም ለመኪናዋ ትክክለኛው ነበር። ጎማውን ያሰረው ሸራው የተቀመጠበት ቦታ፣ ከኋላው የሚገፋው ፒስተንና ዘይት የሚያደርሰው ጎማ ቱቦ ነው። የባለቤቱንም ሆነ መጀመሪያ ሸራውን የቀየረውን ጋራዥ ማንነት አልጠቅስም።

ዳራ

መኪናዋ በደርግ ዘመን ወደ አገር ከገቡት ላዳ 2101ዎች አንዷ ናት። ባለቤቷ ጎንደር ውስጥ ለብዙ ዘመን አስተምረው በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። በከተማው ውስጥ ከቤታቸው ፒያሳ ይመላለሱባታል፤ በየጊዜው ደግሞ ዳባት ያሉ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ይወጡባታል። መንገዱን ለሚያውቅ ይህ ለፍሬን ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ጎንደር ራሷ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ እየወጣ ይሄዳል። ሲሄዱ ዳገት የነበረው ሁሉ ሲመለሱ ረጅም ቁልቁለት ነው።

ላዳ 2101 እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ ነው። ፊያት 124 በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ነበራት። ሶቪየቶቹ ለአስቸጋሪ መንገድ ሲያዘጋጇት የኋላውን በታምቡር ተኩት፤ የፊቱ ዲስክ ሆኖ ቀረ። የፊቱ ካሊፐር፣ ማለትም ዲስኩን ከሁለት ወገን አቅፎ ሸራዎቹን የሚይዘው ብረት፣ ራሱ የማይንቀሳቀስ ሲሆን ከዲስኩ ውስጥና ውጭ በኩል አንድ አንድ ሲሊንደር አለው። እያንዳንዱ ፒስተን የራሱን ሸራ ወደ ዲስኩ ይገፋል። ሸራዎቹ በሁለት ዘንግ ተይዘው በካሊፐሩ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታሉ፤ ዘንጎቹ ጫፋቸው ላይ በሽቦ መቆለፊያ ይታሰራሉ፤ እንዳይንኳኩ ደግሞ ሞላ ይይዛቸዋል።

ለዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ፒስተኑ እንዴት እንደሚመለስ ነው። እንደ ታምቡር ፍሬን ወደ ኋላ የሚጎትተው ሞላ የለውም። የሚመልሰው በሲሊንደሩ ግድግዳ ውስጥ የተቀመጠ ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት፣ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጎሚኒው አብሮት ይለጠጣል፤ እግር ሲነሳ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል። የሚመልሰው ርቀት በዓይን የማይለይ ጥቂት ነው፤ ሸራው ዲስኩን እንዲለቅ ግን ያ ጥቂት ይበቃል። ፒስተኑ ላይ ዝገት ካለ ወይም ሸራው ቦይ ውስጥ ከተጨናነቀ የጎሚኒው አቅም አይበቃም።

ችግሩ

አሮጌው ሸራ አልቆ የብረት ፍጭት ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ተነድቶበታል። ታኅሣሥ ላይ ባለቤቱ መኪናዋን ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰዷት፤ ሸራው ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ተቀይሮ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሪው በመጠኑ ወደ ቀኝ ከመጎተቱ በቀር ሌላ ምልክት አልነበረም። ዳባት ደርሰው ሲመለሱ ከኮሶዬ ቁልቁል ሲወርዱ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ፔዳሉም ከተለመደው በላይ መስመጥ ጀመረ። ወለቃ ላይ ሲቆሙ ከቀኝ የፊት ጎማ ጭስ ይወጣ ነበር። አጠገባቸው የነበረ ሰው ውኃ ይደፋበት ሲል እሳቸው እምቢ ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውኃ ሲደፋበት ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። በራሱ እስኪበርድ ጠብቀው በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ገቡ።

እኔ ጋ ሲመጡ አሳባቸው አንድ ነበር። «ልጄ፣ በአሮጌው ሸራ ስነዳ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የሸጡልኝ ሸራ አስመስለው የሠሩት ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ በሸራው ላይ ገና አንፍረድበት፤ ጎማውን አውርደን እንየው» አልኳቸው። ጊዜው አጭር ነበር። ከጥምቀት በኋላ የልጃቸው ሠርግ ነበር፤ ሙሽሮቹ ፋሲለደስ መዋኛ ፎቶ የሚነሡት በዚህችው ላዳ እንዲሆን ቤተሰቡ ተስማምቷል።

ምርመራው

መኪናዋን በክሪክ አንስተን ካቫሌቶ በሚባለው የብረት መቆሚያ ላይ ካስቀመጥናት በኋላ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በእጅ አዞርናቸው። ግራው ትንሽ እየታሸ ይዞራል። ቀኙ በሁለት እጅም በጭንቅ ነው። ምንም ሳንፈታ ፔዳሉን ደጋግመን ረግጠን ለቀቅንና የቀኙን ካሊፐር የአየር ማውጫ ቡሎን በጥቂቱ ፈታነው። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማውም ላላ። ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አልሆነም።

ይህች ትንሽ ሙከራ ከሁሉ በላይ ነገረችን። ቡሎኑ ሲከፈት ጎማው ሙሉ በሙሉ ቢለቅ ኖሮ ችግሩ የታመቀ የዘይት ግፊት ብቻ ነው ማለት ነው። ምንም ባይለቅ ኖሮ ደግሞ ሜካኒካል መያዝ ብቻ ነው። በከፊል መልቀቁ ሁለቱም መኖራቸውን አሳየ። ግፊቱን ያመቀው ማስተር ሲሊንደሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል፣ እንዳልሆነም መለየት ይቻላል፤ በላዳ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ መስመር ስለሚያያዙ፣ ማስተሩ ቢሆን ግራውም እንደ ቀኙ ይታሰር ነበር። ጥርጣሬው በቀኙ ጎማ ቱቦ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ሸራዎቹን ለማውጣት ተነሣን። ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ ላይ በመቆለፊያው ፈንታ የታጠፈ ሚስማር ገብቷል። ሞላው የለም። የውጭው ሸራ በእጅ አልወጣ አለ፤ በካቻቢቴ ቀስ በቀስ ፈልቅቀን ስናወጣው የጀርባ ብረቱ ጠርዝ ላይ ሁለት የመዶሻ ምት በግልጽ ይታያል። ብረቱ ላይ የፋብሪካው ጥቁር ቀለም ወፍራም ነው፤ ካሊፐሩ ቦይ ውስጥ ደግሞ የዓመታት ዝገትና የተጋገረ የሸራ ብናኝ አለ። ሁለቱ ተደምረው ቦታውን አጠበቡት፤ ሸራው አልገባም ሲል በመዶሻ ገባ። የገጹ ቀለም ተቀይሮ እንደ ተወለወለ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ሸራ ምልክቱ ይህ ነው።

ፒስተኑን ስናይ የአቧራ መከላከያ ጎማው ተቀድዷል። ከተቀደደው ሥር በፒስተኑ ዙሪያ ቡናማ የዝገት ቀለበት ይታያል። ባለቤቱ «በአሮጌው ሸራ እንዲህ አልነበረም» ያሉት እውነት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሸራ ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ እየወጣ ይሄዳል። ሸራው እስከ ብረቱ ድረስ ስለተነዳበት ፒስተኑ ብዙ ወጥቶ ቆይቷል፤ መከላከያ ጎማው ስለተቀደደ የወጣው ክፍል የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ጠጥቶ ዝጓል። ዝገቱ ከጎሚኒው ውጭ እስካለ ድረስ ግን አያስቸግርም። አዲስና ወፍራም ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ በኃይል ወደ ኋላ ሲገፋ ያ የዛገ ክፍል በጎሚኒው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ፒስተኑ በዘይት ግፊት ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ በጎሚኒው አቅም አይመለስም። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ «አዲስ ሸራ ገብቶ ፍሬኑ ያዘ» የሚባለው ነገር ምንጩ ይኸው ነው።

ፍሬን ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። የፔዳሉ መስመጥም በዚህ ይገለጻል። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ መቆየት ሲገባው፣ እርጥበት ጠጥቶ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መለኪያ 140 ዲግሪ ነው። በታሰረ ጎማ ላይ ያለ ዘይት ወደዚያ ሙቀት ቢደርስ አይገርምም። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል።

የዲስኩን ውፍረት በካሊብሮ ለካነው። አሮጌ ዲስክ ዳር ዳሩ ሳይበላ ስለሚቀር የካሊብሮው አፍ ዳሩን ይዞ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ስለዚህ ከዲስኩ ግራና ቀኝ፣ ሸራው በሚነካው ቦታ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የብር ሳንቲሞች አስደግፈን ለካንና የሳንቲሞቹን ውፍረት ቀነስን። 9.6 ሚሊሜትር ወጣ። በላዳ ዲስክ ከ9 ሚሊሜትር በታች ከወረደ ይጣላል፤ ይህ ገና ይሠራል። ሙቀቱ አጣሞት እንደሆነ ለማወቅም ጎማውን እያዞርን በመለኪያ አየነው፤ ከሚፈቀደው 0.15 ሚሊሜትር አላለፈም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ግን ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ልቅነት በእጅ ይሰማል። ኩሽኔታው ሲላላ ዲስኩ እየተወዛወዘ ፒስተኖቹን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፔዳሉም በመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆናል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ካሊፐሩን በውኃና በሳሙና አጥበን ብናኙን አስወገድን። በኮምፕረሰር አየር አልነፋንም። የድሮ ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ረዳቱ ልጅ እንደ ልማዱ የአየር ቱቦውን ሲያነሳ አስቆምኩት፤ እንዲህ ያለውን ልማድ መቁረጥ የሚቻለው በልጅነት ነው።

ቦዮቹን በሽቦ ብሩሽና በቀጭን ሞረድ እስከ ብረቱ አጸዳን፤ ቦይው ራሱ እንዳይሰፋ ግን ተጠንቅቀን። የአዲሶቹን ሸራዎች የጀርባ ብረት ጠርዝ ሞርደን ቀለሙን አነሳን። መለኪያችን አንድ ነበር፦ ሸራው በጣት ተገፍቶ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት። ካልተንሸራተተ ተመልሶ ሞረድ ላይ ይወጣል። ጠርዙ ላይ ሙቀት የሚችል ቅባት በስሱ ቀባን። ተራ ግራሶ አይሆንም፤ ሲግል ቀልጦ ዲስኩ ላይ ይፈስሳል። ታኅሣሥ ላይ የገባው የጋለ ጥንድ ገጹ ስለተበላሸ በሁለቱም ጎማ ከአንድ ካርቶን የወጣ አዲስ ሸራ እንዲገባ ወሰንን። አንዱን ጎማ ብቻ መቀየር መኪናዋን ወደ አንድ ወገን ያስጎትታታል።

ሁለቱንም የፊት ጎማ ቱቦዎች አዘዝን። የቀኙን ስናወጣ ቆርጠን አየነው፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው ቱቦ ውስጡ አብጦ ቀጭን ሽቦ እንኳ ለማሳለፍ አስቸገረ። በእግር ኃይል የሚሄደው ዘይት ያልፋል፤ ለመመለስ ግን የሚገፋው ስለሌለ እዚያው ይቀራል። የፊት ኩሽኔታውን ግራሶ ቀይረን ዳዶውን በፋብሪካው መጠን፣ ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ልቅነት እንዲኖረው አድርገን አሰርነው።

የሲሊንደሩን ክፍሎች ያጠብነው በንጹሕ ፍሬን ዘይት ነው። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም የፍሬን ጎሚኒ የነዳጅ ዘር ሲነካው ያብጣል። ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፒስተኑን መልሶ ያስረዋል፤ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ አሮጌውን ዘይት በሙሉ አውጥተን በዶት 4 ተካነው፤ አየሩን ከኋላ ቀኝ ጀምረን፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መጨረሻ ላይ ፊት ግራ አወጣን። ፔዳሉን የረገጠልን የባለቤቱ የወንድም ልጅ ነበር። ከፔዳሉ ሥር እንጨት አስቀመጥንለት። በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ከተረገጠ ጎሚኒው ለዓመታት ያልደረሰበት የዛገ ቦታ ላይ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል፤ ደህና ገብቶ የነበረ ማስተር በአየር ማውጣት ጊዜ የሚሞተው እንዲህ ነው። የሞተር ክዳኑ አካባቢ ጨርቅ አነጠፍን፤ ፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ የዚህች መኪና ቀለም ደግሞ የባለቤቱ ኩራት ነው።

ያልሠራው

ባለቤቱ ወጪ እንዲቀንስ ስለፈለጉ የዛገውን ፒስተን ለማዳን ሞክረናል። በጣም ደቃቅ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየነከርን አሸነው፤ ቡናማው ቀለም ጠፍቶ አማረ። ጥፍር ሲሄድበት ግን ትናንሽ ጉድጓዶች ይሰማሉ። በአዲስ ጎሚኒ ገጥመን ግፊት ሰጥተን አሳደርነው፤ ጠዋት ዙሪያው ረጥቦ ተገኘ። ዝገት ጉድጓድ ከቆፈረ ማሸት አያድነውም። «ጋሼ፣ ይህን ይዤ ወደ ኮሶዬ አልልክዎትም» አልኳቸው፤ ተቀበሉኝ።

ላዳ ላይ ደግነቱ ሲሊንደሩ ከካሊፐሩ ተለይቶ ይወጣል፤ ለብቻው ይሸጣልም። ጎንደር ስላላገኘነው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣን። የመጀመሪያው ጥቅል ሲከፈት የመጣው የግራ ጎማ ሲሊንደር ነበር። የግራና የቀኝ፣ የውስጥና የውጭ ሲሊንደሮች ይለያያሉ፤ እኛ የነገርናቸውን በስልክ የተቀበለው ሰው አንዱን ቃል ዘሎታል። ሠርጉ እየቀረበ ስለነበር «ይገጠም፣ ይሠራል» የሚል አልጠፋም። መልሰን ላክነው። ሁለተኛው ከአሮጌው ዕቃ ፎቶ ጋር ታዝዞ ትክክለኛው መጣ። ሲሊንደሩ ቦታው ሲገባ መቆለፊያ ሞላው ቀጭ ብሎ መያዙን፣ የአየር ማውጫውም ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ መቀመጡን አረጋገጥን። ማውጫው ወደ ታች ከሆነ የቱንም ያህል ቢረገጥ አየሩ አይወጣም።

ሌላው ሙሉ በሙሉ ያልተፈታው ፉጨቱ ነው። በጠዋት ብርድ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርግጫዎች ላይ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። የሸራውን የፊት ጠርዝ በጥቂቱ ሸርፈን ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ለደኅንነት አያሰጋም፤ ለባለቤቱም እንዲሁ ነግሬያቸዋለሁ።

ሙከራና ውጤት

መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ተረገጠ። ሸራ ተቀይሮ ይህ ሳይደረግ ከጋራዥ የወጣ መኪና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ያለ ፍሬን ነው የሚያገኘው። ከዚያ እሑድ በማለዳ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ሸራውን አስለመድነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድን ቀስ አድርገን እስከ 10 እናወርዳለን፤ ሳንቆም እንደገና እንነሳለን፤ በየመካከሉ እንዲበርድ ሳንረግጥ እንነዳለን። ፍሬኑ ግሎ ሳለ ቆሞ ፔዳል ላይ መቆየት አይገባም፤ ሸራው ዲስኩ ላይ ይታተምበትና በኋላ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል።

ስንመለስ እጃችንን ሳናስነካ በቅርብ ይዘን የሁለቱን ቸርኬዎች ሙቀት አነጻጸርን፤ እኩል ነበር። ክሪክ ላይ ስናነሳት ሁለቱም ጎማዎች በአንድ እጅ ይዞራሉ። መሪው ሲለቀቅ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሠርጉ በሰላም አለፈ። ከዚያም ባለቤቱ ዳባት ደርሰው ሲመለሱ ከኮሶዬ ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወርደው ወለቃ ላይ ቆመው ሁለቱንም ጎማ እንዳዩ፣ ሽታም ጭስም እንዳልነበረ ነገሩኝ።

ለሌላ መኪና የሚሆነው

ይህ ላዳ ላይ ቢደርስም ካሊፐር ያላቸውን አሮጌ መኪኖች ሁሉ ይመለከታል፤ ፔጆ 504ም ይሁን የድሮ ኮሮላ። ሸራ ከመገዛቱ በፊት ጎማው ተነስቶ በእጅ ይዙር፤ የአየር ማውጫው ሙከራ ይደረግ። ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ቱቦውን፣ ፒስተኑንና ማስተሩን ይለያል። ፒስተን ወደ ኋላ ከመገፋቱ በፊት መከላከያ ጎማው ተገልጦ ዝገት መኖሩ ይታይ። ዝገት ካለ መገፋት የለበትም፤ ወጥቶ ይታይ። ሲገፋም የአየር ማውጫው ተከፍቶ ቆሻሻው ዘይት በዚያ ቢወጣ ወደ ማስተሩ ከሚመለስ ይሻላል።

መዶሻ የሚያስፈልገው ሸራ አልገጠመም ማለት ነው። ዘንግ፣ ሞላና መቆለፊያ የሥራው አካል ናቸው፤ ሚስማር አይተካቸውም። ሚስማሩ ቢወድቅ ዘንጉ ይወጣል፤ ዘንጉ ቢወጣ ሸራው ይወጣል።

ለባለቤቶች የምለው ሸራው እስኪጮህ አይጠበቅ ነው። በላዳ ሸራው 1.5 ሚሊሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት፤ በጊዜው ቢቀየር ኖሮ ፒስተኑ ያን ያህል አይወጣም፤ ዝገቱም ጎሚኒው ውስጥ አይገባም ነበር። ፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቦሎ ሲታደስ ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ቀን ያለፈ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲግል ምን እንደሚያደርግ የምርመራው ማሽን አያሳይም።

ቀሪ ሥራ

የግራው ካሊፐር ፒስተኖች ዝገት ባይኖራቸውም የአቧራ መከላከያ ጎማቸው ደርቋል። የኋላ ታምቡሮችም ገና አልተከፈቱም። ከባለቤቱ ጋር የተስማማነው ሁለቱንም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለመሥራት ነው፤ የግራው ጎሚኒዎችና የአቧራ መከላከያዎች ታዝዘዋል፤ በዚህ ጊዜ ትእዛዙ የተላከው ከነፎቶው ነው።